አሮጊቷን ውሰዳት

«አሮጊቷን ዛሬ ከሰዓት መጥተህ ውሰዳት» አለ ልጅየው በስልክ፣ የሸሚዙን ቁልፎች በአንድ እጁ እየቆለፈ። «ኧረ ተው፣ በዋጋው አንጣላም። ምንም አትሠራም፤ ቦታ ይዛ ነው እንጂ የተቀመጠችው። አይ፣ እናቴ ገና አታውቅም። እኔ እነግራታለሁ።»

እናቱ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ኩሽናው በር ላይ ቆመው ነበር። ብርጭቆው ጣታቸውን እያቃጠላቸው ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቃታቸው። የሚወራው ስለ እሳቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ። እዚህ ቤት «አሮጊቷ» ማለት ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ኮምፒውተር ናት። ስሙን ያወጡላትም ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት እያቃሰተች ጊዜ ስትፈጅ «አሮጊቷ ወገቧን እስክታቃና ሻይ እንጠጣ» ይሉ ነበር፤ ቤቱም እየሳቀ ለመደው። ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ ሰው ራሱ ባወጣው ስም ሲመታ ማንን ይከሳል? ምንም አትሠራም። ቦታ ይዛ ነው የተቀመጠችው። ስለ ኮምፒውተር መሆኑን እያወቁም ቃሉ ደረታቸው ላይ ገብቶ ቁጭ አለ። ሻዩን ሳይጠጡት ወደ ኩሽና መለሱት።

ሰፈሩ እትዬ ታይፕ ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ መጀመሪያ በብረቱ የጽሕፈት መኪና፣ ኋላ በኮምፒውተር። ጡረታ ሲወጡ ጣታቸው ጡረታ አልወጣም። አንድ የትርጉም ቢሮ የስብሰባ ድምፅ ይልክላቸዋል፣ እሳቸው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው በጽሑፍ ይገለብጡታል። ተሰብሳቢው ሲሳደብ ይስቃሉ፣ ሲዋሽ ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ፣ ጣታቸው ግን አይቆምም። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ የጥርስ ሐኪም ይከፍላል፣ ጫማ ይገዛል፣ ለምራታቸው ድንገት ሽቶ ያመጣል። ከሁሉ በላይ ግን እትዬ ታይፕ ጠዋት ሲነሱ የሚጠብቃቸው ነገር አለ። እሱን በምንም ሒሳብ አይለውጡትም።

ነገሩ የተበላሸው ትናንት ነው። የትርጉም ቢሮው ኃላፊ ደውላ፣ ኮምፒውተራቸውን የሚያንቀሳቅሰው የቆየ ሲስተም ከመጪው ወር ጀምሮ ሠሪዎቹ ፊታቸውን እንደሚያዞሩበት ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍን የለም፤ ቢሮው ደግሞ የደንበኛን ምስጢር ቀዳዳ ባለው ቤት አያስቀምጥም። አዲሱ ሲስተም ይጫን ነው፣ አዲሱ ሲስተም ግን ጠንካራ ማሽን ይፈልጋል። «ነገ ቢሮ ከመዝጋቴ በፊት እደውልልዎታለሁ» አለች ኃላፊዋ። «ያሟላል ወይም አያሟላም ይበሉኝ። ካላሟላ ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው፤ እትዬ፣ እባክዎ አይቀየሙኝ።» ልጃቸው ያኔውኑ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ አንድ ነገር ተጫነ፣ ኮምፒውተሩ «ይህ ማሽን መስፈርቱን አያሟላም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ልጅየው የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ የቀረውን ዘጋው። በሚሠራበት ባንክ ላለ የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለ፣ «ሲፒዩው አያሟላም ይላል» አለው፣ ሁለት ቃል ተነጋገሩ፣ ስልኩን አስቀመጠና «በቃ እማዬ፣ አሁንስ እረፊ» አላቸው። እረፊ የሚለው ቃል እንደ አባባሉ ነው፤ ምክርም ይሆናል፣ ቁጣም ይሆናል። ልጅየው ምክር መስሎት ነው ያለው።

ያልተባለ ነገርም ነበር። ከሳሎኑ በር ጀርባ የሕፃን አልጋ ከነካርቶኑ ተደግፎ ቆሟል። ምራታቸው ልትወልድ ደርሳ ከሥራዋ ፈቃድ ወጥታለች። በቤቱ ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት ጥግ አንድ ነው፣ እሱም የኮምፒውተሯ ጥግ ነው። ካርቶኑን ከጥጉ ጋር፣ ጥጉን ከአሮጊቷ መውጣት ጋር፣ የአሮጊቷን መውጣት ከ«እረፊ» ጋር ላስተያየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አልጋው እዚያ ይገባል፣ አያትየው አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ምራትየው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ብቻ የሚመለከታቸውን ሰው ማንም አልጠየቀም።

ቁርስ ላይ ልጅየው ዳቦውን እየቆረሰ እናቱን ሁለቴ አያቸው፣ ሁለቴም ዓይኑን ወደ ሰዓቱ መለሰ። እትዬ ታይፕ ጨው አቀበሉት። ምራትየው ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሻይዋን ስታማስል ቆየች፤ የማንኪያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚወራው። ልጅየው ተነሥቶ የእናቱን ጉንጭ ስሞ ወጣ። መንገር የነበረበትን ነገር ይዞት ሄደ።

በሩ እንደተዘጋ እትዬ ታይፕ ጠረጴዛው ሥር በርከክ ብለው ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። ምን እንደሚያደርጉ በደንብ አላሰቡበትም። የሚያውቁት አሮጌ ዕቃ ገዢው ከሰዓት ሲመጣ አሮጊቷ እዚህ እንደማትገኝ ብቻ ነው። ሳጥኗን ጎትተው አወጧት። ድሮ ነጭ ነበረች፤ ዛሬ ቀለሟ እንደ ከረመ ወረቀት ነው፣ አንዱ ጎኗ ላይ ልጅየው ተማሪ ሳለ የለጠፈው የኳስ ቡድን ምልክት ግማሹ ተልጦ ቀርቷል። ቀና ሲሉ ምራታቸው የአልጋ ልብስ አጥፋ ይዛ ከጎናቸው ቆማለች። ለምን እንዴት አላለችም። ሳጥኗን በአልጋ ልብሱ አብረው ጠቀለሏት፣ ምራትየው ጫፎቹን ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።

«ልያዝልዎት?» አለች።

«አንቺ የያዝሽውን ያዢ።»

ምራትየው ሳቀች። በዚያ ቤት ከትናንት ማታ ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ጥቅሉን አይቶ ወንበር የያዘ ዕቃ ይከፈልበታል አላቸው። አቅፌያት ነው የምሄደው አሉት። «ጉልበትዎ ላይ ከሆነችማ ሕፃን ናት፣ ሕፃን በነፃ ነው» ብሎ አለፋቸው። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴትዮ በእውነት ሕፃን መስሏት የአልጋ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየችና የብረት ፊት ስታገኝ ደንግጣ ሸፈነችው። እትዬ ታይፕ በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለወር ይስቁበት ነበር። ዛሬ ግን ሆዳቸው ውስጥ የኃላፊዋ ድምፅ አለ፣ ያሟላል ወይም አያሟላም ይበሉኝ የሚለው።

ጥገና ቤቶቹ ያሉት አንድ ትልቅ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሽበት መተላለፊያ ውስጥ ነው። በግራም በቀኝም የስልክ መሸፈኛ፣ ቻርጀር፣ የተፈታ ኮምፒውተር፤ የብየዳ ሽታ አፍንጫ ይይዛል። በአንዱ መስታወት ውስጥ ቀጫጭን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። እትዬ ታይፕ ለማወቅ ያህል ዋጋ ጠየቁ። ሻጯ ስትነግራቸው ጡረታቸውን በሆዳቸው አባዙ፤ ግማሽ ዓመት ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ሳይታመሙ የሚጠራቀም ገንዘብ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ጥቅላቸውን እንደገና አቀፉ። ክንዳቸው ዝሏል።

መጨረሻ ላይ ያገኙት ጠጋኝ ጎረቤቶቹ ብሎን የሚሉት ሰው ነው። ሲፈታ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይይዛል፣ በዚያው አፍ ደግሞ ያወራል፤ ደንበኛው ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል። ቀና ሳይል ምን ሆነ አላቸው።

«ሲፒዩው አያሟላም ተባለ። ለአዲሱ ሲስተም።»

«ሲፒዩው ካላሟላማ እማማ፣ ምንም አይደረግም። በከንቱ ነው የለፉት። ለመለዋወጫ ከሸጡልኝ ልግዛው።»

ይህን ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እትዬ ታይፕ እዚያው ቆሙ። ትናንት ባንክ ያለው ሰውዬ ፈረደ፣ ዛሬ ይኸኛው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሱ። ጠዋት የሰሙት ቃል ደረታቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም፤ ሞክረዋል፣ ደክመዋል፣ ዕድሜያቸውም ይታወቃል። ይኸው ዕድሜያቸው ይታወቃል የሚለው ሐሳብ ራሱ ነው ያናደዳቸው። ጥቅሉን ፈቱና ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ፣ ከተበተነው ዕቃው መሐል፣ ጓ አድርገው አስቀመጧት።

«እንግዲያው ሲፒዩው ይኸውልህ። ክፈተውና የማያሟላውን በጣትህ አሳየኝ። አይቼ እሄዳለሁ።»

ብሎን ሳጥኗን አየ። እትዬ ታይፕን አየ። ከዚያ ብሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋቸው።

«እማማ፣ ሲፒዩ የሚሉት ይሄንን ነው?»

«ታዲያ ምኑን ልበል? እኛ ቤት ሁሉም ሰው ሲፒዩ አይደል የሚለው?»

«ይላል እንጂ! እኔም ቤቴ ስሄድ እላለሁ።» መሳቅ ጀመረ። «ይሄ ሳጥኑ ነው። ሲፒዩ የሚባለው ውስጡ ያለ፣ ሁሉን የሚያስበው ብስኩት የሚያክል ነገር ነው። አያሟላም ያለዎት ማነው?»

«ልጄ። ለሱም አንድ ባለሙያ ነው የነገረው።»

«ባለሙያው ከፍቶ አይቶታል?»

«በስልክ ነው።»

ነገሩ እዚያው ተገለጠ። ልጅየው ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን በሐሳቡ ይዞ ሲፒዩው አያሟላም ይላል አለ፤ ባለሙያው ብስኩቱን ሰማ። ብስኩቱ ካላሟላ በእርግጥም መድኃኒት የለውም፣ ይጣል አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ሲፒዩ ተግባብተው አንዲት አሮጊት አስፈረዱባት። ብሎን የጎን ሽፋኑን ፈትቶ አቧራውን በብሩሽ ጠረገና ብሩሹን አስቀመጠ። እትዬ ታይፕ አንገታቸውን አስግገው ውስጧን አዩ።

«ይቺን አሮጊት ያላት ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ቀሚሷ ነው ያረጀው። እሷማ ልጅ ናት።»

ያኔ ትዝ አላቸው። ልጃቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ተልኮ በነበረበት ወቅት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይለኛ ሆኖ መጣ፣ አሮጊቷም ጢስ አወጣች። አንድ ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥቶ ሆዷን በሙሉ አውጥቶ አዲስ ከተተላት፤ ከላይ ያለውን ልብስ ብቻ ተወላት። ለልጃቸው አልነገሩትም፤ ገንዘብሽን ለምን ታባክኛለሽ እንዳይላቸው ነው። ቆይተው ራሳቸውም ረሱት። እንደ ድሮዋ እያቃሰተች ስትነሳ ማን ልጅ ናት ብሎ ያስባል?

ብሎን ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኝቶ አስነሳት፣ ገና ሳትነቃ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ መታ። ሰማያዊ ገጽ መጣ። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ ወረደና አንዱ ጋ ቆመ። አዲሱ ሲስተም ብስኩቱን ብቻ ሳይሆን የምስጢር ቁልፍ የሚይዝ ትንሽ የጥበቃ ቺፕ ይፈልጋል አላቸው፤ እንደ ግቢ ዘበኛ ያለ። ልጃቸው አንብቦ ያልጨረሰው ጽሑፍ ሁለተኛው መስመር ላይ የሚለውም ይህንኑ ነበር።

«እሷ ጋ የለም?» አሉ እትዬ ታይፕ።

«አለ። ተኝቷል። የሠራት ሰው አጥፍቶት ነው የሄደው።»

«ዘበኛ ሲተኛ ደግሞ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ቀስቅሰው።»

ብሎን አንዱን ቁልፍ ተጫነ። የቀረው ሁሉ ይህን ያህል ነበር። መመርመሪያውን እንደገና ሲያስነሣው ትናንት አያሟላም ያለው ማሽን፣ ያው ራሱ፣ አረንጓዴ ምልክት አወጣና ያሟላል አለ። እትዬ ታይፕ መነጽራቸውን አውልቀው በአልጋ ልብሱ ጫፍ ጠረጉት። የጠረጉት መነጽሩን ብቻ አልነበረም።

አዲሱ ሲስተም እስኪጫን ፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይንፏቀቃል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይንፏቀቃል። አንዴ ሁሉም ነገር ጨለመ። እትዬ ታይፕ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሞተች ወይ አሉ። ልብስ እየቀየረች ነው፣ ፊትዎን ያዙሩላት አላቸው ብሎን፣ ብሎኖቹ ተመልሰው አፉ ውስጥ ገብተዋል። ሁለት ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው አዩ፤ ኃላፊዋ አልደወለችም፣ ልጃቸውም አልደወለም። መተላለፊያው ውስጥ ሰው እየተጋፋ ያልፋል። አንድ ሰው እናቱን በስልክ ይቆጣል፣ አንዲት ሴት የተሰበረ ስክሪን ይዛ ትከራከራለች፣ እትዬ ታይፕ ግን ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ አላነሱም። ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የተዘረጋ የመሰለ ሥዕል መጣ። ማቃሰትም ቀርቷል፤ አቧራዋ ነበር የሚያንቃት። ብሎን የጠየቃቸው የእጅ ዋጋ ካሰቡት በጣም ያነሰ ስለነበረ ሳይከራከሩ ከፈሉት፣ ከፍለውም ወዲያው ቆጫቸው፤ መከራከር ልማዳቸው ነው። ሲመለሱ ክንዳቸው አልደከመም። ደክሞም ከሆነ አልሰሙትም።

ቤት ሲደርሱ በሩ ክፍት ነው። አንድ ጆንያ የያዘ ሰውዬ መግቢያው ላይ ቆሟል። ልጃቸው ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ፣ ጠረጴዛውን ወደ ጎን ገፍቶ፣ ባዶው ጥግ ውስጥ ተንበርክኳል፤ የሕፃኑ አልጋ ግማሹ ተገጥሟል። ምራታቸው ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ታየዋለች። ኮምፒውተሯ የት እንደሄደች ጠይቋት አላውቅም ብላው ይሆናል፣ ከፊቷ ያስታውቃል።

«እማማ፣ አሮጊቷን ልወስድ መጥቼ ነበር» አለ ባለ ጆንያው።

«መጣሁልህ» አሉ እትዬ ታይፕ። «በምን ልትሸከመኝ ነው?»

ሰውዬው ደነገጠ። «ኧረ እማማ፣ እኔ ኮምፒውተሯን…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እሷም አትሄድም፣ እኔም አልሄድም። ባዶ እጅህን እንዳትመለስ ግን የአልጋው ካርቶን አለልህ። ደህና ካርቶን ነው።»

ባለ ጆንያው ልጅየውን አየ፣ ልጅየው ወለሉን አየ። ሰውዬው ካርቶኑን አጥፎ ብብቱ ሥር አድርጎ፣ እንደ መጣበት በትሕትና ተሰናብቶ ሄደ።

«እማዬ፣ ለራስሽ ብዬ'ኮ ነው» አለ ልጅየው። «አያሟላም አለኝ ሰውዬው።»

እትዬ ታይፕ ሳጥኗን ጠረጴዛው ሥር አስገቡ፣ ገመዶቹን እየሰኩ የብስኩቱንና የሳጥኑን፣ የተኛውንም ዘበኛ ነገር ነገሩት። ምራትየው ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጅየውም ሊስቅ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ስክሪኑ ሲበራ እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት እንደቆሙ አየና ተወው። በመጨረሻ ሁሉም የሚያስበውን አወጣው።

«ታዲያ አልጋው የት ይግባ?»

እትዬ ታይፕ ዞር አሉ። ጠዋት ኩሽናው በር ላይ ያልተናገሩት አሁን ሳይጮሁ ወጣ።

«የልጅ ልጄን እይዛለሁ። እሱን ሳልይዝ ማንን ልይዝ? ግን ጠይቀኝ። ቦታ እንደያዘ ዕቃ ከመሬት አታንሳኝ። ጠዋት ስልክ ላይ ስታወራ በሩ ጋ ነበርኩ።»

ልጅየው ፊቱ ቀላ። አዋቂ ሰው ነው፣ ባንክ ውስጥ ሰዎች ይሰሙታል፣ አሁን ግን እጁ ውስጥ ያለው መፍቻ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላወቀም። ያኔ ከሶፋው ላይ ምራትየው ተናገረች። ቀኑን ሙሉ ያስቀመጠችው ነገር ስለነበረ ሳትቸኩል ነው የተናገረችው።

«አልጋው እኛ መኝታ ቤት ይገባል። ያ የማትለብሳቸውን ሱፎች የሞላህበት ቁምሣጥን ይውጣ። እኔ ስወልድ ሥራዬን አልተውም፣ እሳቸውም አይተዉም። ልጁን ተቀያይረን እንይዛለን። ተቀያይረን ስል አንተንም ቆጥሬ ነው።»

ልጅየው የአልጋውን የመጀመሪያ ብሎን መልሶ ይፈታ ጀመር። ሲነሣ እናቱ አጠገብ ቆመ፣ ትከሻቸውን ነካ አደረገና «ይቅርታ እማዬ» አለ። እትዬ ታይፕ እጁን በእጃቸው ሸፈኑት። ብሎኑን እንዳይጥል ነገሩት፤ አልጋ አንድ ብሎን ሲጎድለው ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ ነው የሚያድረው።

ፀሐይ መስኮቱ ላይ ሳለች ስልኩ ጮኸ። የቢሮው ኃላፊ ናት፤ ከኋላዋ ወንበር ሲሰበሰብና በር ሲቆለፍ ይሰማል። ልጅየው የአልጋውን አንድ ጎን ተሸክሞ በመተላለፊያው ላይ እንዳለ ቆመ። ምራትየው ቀና አለች።

«እትዬ፣ ልዘጋ ስለሆነ ነው፣ አልቆይም» አለች ኃላፊዋ። «እርስዎ ጋ ያለው ኮምፒውተር አዲሱን ሲስተም ያሟላል?»

«ያሟላል አይባልም» አሉ እትዬ ታይፕ፣ ማዳመጫቸውን ከመሳቢያው እያወጡ። «ታሟላለች። በይ ድምፁን ላኪልኝ።»